ሳይታመሙ ሆስፒታል የደረሱ ሕመምተኞች

ከሰንጋ ተራ ወደ ጥቁር አንበሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ቡና ቤት አለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፈው እዚያ ነው። አስተናጋጇ ሳላዛት ማኪያቶዬን ታመጣለች። ስኳሩን ግን አታመጣም። "ለርስዎ ክልክል ነው ጋሼ" ትለኛለች። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ያስተማርኳት እኔው ነበርኩ፤ አሁን እኔኑ ትቆጣበታለች።

ተማሪዎች እዚያ ያገኙኛል። ነጭ ጋዋናቸውን ክንዳቸው ላይ አጥፈው፣ ከማደር ተራ የወጡ ዓይኖቻቸው ቀልተው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው በአብዛኛው አንድ ነው። "ፕሮፍ፣ ሪሰርች መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ላይ ልሥራ?" ብዙዎቹ መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ከኔ የሚፈልጉት ምርቃት ነው። የዘር ውርስ ጂን ይላሉ። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይላሉ። አላፌዝባቸውም፤ በእነሱ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ግን ለእያንዳንዱ ማኪያቶ እየጋበዙ አንድ ነገር መድገም ከበደኝ። የጡረታን ነገር ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

ስትሮክን፣ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣውን ሕመም፣ የመረጥኩት ወድጄው አይደለም። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የምሠራበት ድንገተኛ ክፍል አንድ የኮሪደር ጫፍ ነበረው። አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ አፋቸው የተጣመመ፣ ንግግር የጠፋባቸው ሰዎች እዚያ ይተኛሉ። ቤተሰቡ "ምች መታው" ይላል። "ግፊቱ አናቱ ላይ ወጣ" ይላል። አለቃችን ከአልጋ አልጋ ሲዞሩ እዚያ ሲደርሱ እርምጃቸው ይፈጥናል። "ስትሮክ ነው። ግፊቱን ተከታተሉ።" አለቀ። ቀጣዩ አልጋ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የሚያደርጉት ነገር ስላልነበራቸው ነው። ሰው የሚያደርገው ሲያጣ ዓይኑን ያሸሻል። እኔን ያበሸቀኝ ያ ፍጥነት ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ፎቶ ኮፒ እጄ ገባ። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ግራፎቹ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የወጣው የቲፒኤ ጥናት ነው። ቲፒኤ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። 624 ሕመምተኞች ተሳትፈዋል፤ ገሚሱ መድኃኒቱን፣ ገሚሱ ባዶ ፈሳሽ ወሰደ። ስትሮኩ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ያገኙት፣ ከሦስት ወር በኋላ ያለ ጉዳት ወይም በትንሽ ጉዳት የመገኘት ዕድላቸው ቢያንስ በ30 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሌላም ቁጥር ነበር። ሁኔታቸውን የሚያባብስ ደም አንጎላቸው ውስጥ የፈሰሰባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 6.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 0.6 በመቶ ነበሩ። ጥናቱን ያመንኩት በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ነው። ጉዳቱን ሳይደብቅ የሚነግርህ ሰው ጥቅሙንም አይዋሽም።

መድኃኒቱ እኛ ጋ አልነበረም። ቢኖርም በጭፍን አይሰጥም። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የረጋ ደም ሥሩን ይዘጋል፤ በሌላኛው ሥሩ ፈንድቶ ደም ይፈስሳል። ከውጭ ሲያዩት አንድ ናቸው፤ ክንዱም ያው ይዝላል፣ አፉም ያው ይጣመማል። የሚለያቸው የአንጎሉን ምስል የሚያነሳው ሲቲ ስካን ነው። ለሚፈስሰው ማሟሟያ መስጠት በእሳት ላይ ነዳጅ ማርከፍከፍ ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ደግሞ የሚፈስሰው ዓይነት ድርሻ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ይበልጣል፤ ያልታከመው የደም ግፊት ስለበዛ። ስለዚህ ጓደኞቼ "ይሄ ለፈረንጅ ነው፤ ተወው" አሉኝ።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። 3 ሰዓት። የኛ ሰዎች በስንት ሰዓት ነው የሚደርሱት? ጠየቅኩ። "ይዘገያሉ" አሉኝ ሁሉም። ስንት? "በጣም።" የሚያውቅ አልነበረም። ካርዱ ላይ እንኳ አይጻፍም። አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ከፖስታ ቤት ጀርባ ገዛሁ፤ በማስመሪያ አምዶች አሰመርኩበት። ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የጀመረበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሰዓት። ምርምሬ ያ ነበር። መሣሪያው ማስመሪያ ነው።

ለብዙ ወራት ሞላን። ኢንተርኑም (ተለማማጅ ሐኪሙ)፣ ነርሱም፣ እኔም። ከዚያ ቁጭ ብዬ ደመርኩና ጠዋት ስብሰባ ላይ ኮራ ብዬ አቀረብኩ። መሐል ላይ አንድ ነገር አስቸገረኝ። አንዳንዶቹ ሕመምተኞች ሳይታመሙ ነው የደረሱት። ሕመሙ 10:00 ጀመረ፣ ሆስፒታል የደረሱት 5:30። "የጽሕፈት ስህተት ናቸው፤ አውጥቻቸዋለሁ" ብዬ አለፍኩ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ሲስተር እጇን አወጣች። ከኔ በፊት እዚያ ክፍል የሠራች ናት። "ዶክተር፣ ይሄ ሰዓት በሀበሻ ነው በፈረንጅ?"

ክፍሉ ዝም አለ።

ኢንተርኑ በፈረንጅ ይጽፍ ነበር፤ መጽሐፉ እንደሚያስተምረው። ካርድ ክፍሉ በሀበሻ። ነርሶቹ እንደ ሰዉ። እኔ ራሴ፣ አሁን ሳየው፣ ጠዋት በፈረንጅ፣ ማታ ሲደክመኝ በሀበሻ ጽፌያለሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ታመው 5 ሰዓት ተኩል የደረሱት እናት መዝገቤ ላይ 10:00 ታመው 5:30 ደርሰዋል። እነዚህስ ራሳቸውን አጋለጡ። የሚያስፈራው ያላጋለጡት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ታሞ በ2:00 የተጻፈ፣ 3 ሰዓት ተኩል ደርሶ በ9:30 የተጻፈ ሰው አለ። ልዩነቱ እውነተኛው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መዝገቤ ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ይላል፤ ምንም አያጠራጥርም፣ "ይዘገያሉ" ከሚለው ሐሜት ጋርም ይስማማል። በሰዓቱ የመጣውን ሰው ዘገየ ብዬ ጽፌዋለሁ። እሱን ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

መዝገቡን እንዳለ ጣልኩት። ማለቴ፣ አልጣልኩትም፤ አሁንም ቤቴ አለ። ግን አንድም ቁጥር አልተጠቀምኩበትም። ሳምንት ያህል ከሲስተር ጋር ላለመገናኘት በሌላው ደረጃ ነበር የምወጣው። ከዚያ አፍሬ ሄድኩና "አዲሱን ቅጽ አብረን እንሥራ" አልኳት።

ልጆች፣ ሪሰርች የተማርኩት ከዚያች ሴት ነው። የመጀመሪያው ነገር ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማስከበብ ነበር፤ ያ ቀላሉ ነው። ሁለተኛውን እኔ ብቻዬን መቼም አላገኘውም ነበር። እኛ "ስንት ሰዓት ላይ ታመሙ?" ብለን ስንጠይቅ ልጅየው "ጠዋት 12 ሰዓት" ይላል። ያ እኮ አባቱን ወድቀው ያገኘበት ሰዓት ነው። የወደቁትን ማን አየ? ስለዚህ በስትሮክ ሕክምና ቆጠራው የሚጀምረው ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ነው። ማታ 3 ሰዓት "ደህና እደሩ" ብለው ከገቡ፣ ከዚያ ነው። ሲስተር ግን ሰዓት ጭራሽ አትጠይቅም። "ቅዳሴ ወጥቶ ነበር?" ትላለች። "አዛን ተብሎ ነበር? ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰዋል? ዜናው ጀምሯል?" አስታማሚው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያስታውሳል። "የለም፣ ዜናው ገና ነበር፤ እንዲያውም ሬዲዮኑን ክፈት ብለውኝ ነበር።" ይኸው፤ ሲናገሩ ነበር ማለት ነው። አንድ ሰዓት ተገኘ።

በአዲሱ ቅጽ ያየነው ነገር ያላሰብኩት ነበር። በረቂቄ ላይ ጠበልንና ዳማከሴን የሚወቅስ አንድ ሙሉ ገጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ ወጣት ሐኪም የሚጽፈውን ዓይነት። በርግጥ "ምች ነው" ብለው ቅጠል ሲያሹ የቆዩ ነበሩ። ግን አብዛኛው ቤተሰብ ደንግጦ ቶሎ ነበር የሚነሳው። ከዚያ ላዳ ፍለጋ። ከዚያ ቅርብ ያለው ክሊኒክ፤ እዚያ ግሉኮስ ተሰክቶ ይቆያል። ሪፈር ይጻፋል። ሌላ ቦታ አልጋ የለም ይባላል። ከዚያ እኛ ጋ። ካርድ ይወጣል። ወረፋ። ሲቲ ስካን ሌላ ቦታ ነው፤ ገንዘብ ተበድሮ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። ከሰዓቱ ብዙው የተቃጠለው ነጭ ጋዋን በለበስን ሰዎች እጅ ነበር። ያንን ገጽ ቀደድኩት።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጄፍሪ ሴቨር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ሰዓት በሴል ቆጠረው። አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ። ቁጥሩን ሳነብ ትዝ ያለኝ ካርድ ክፍል ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ነው።

አሁን ብዙ ነገር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2008 የ3 ሰዓቱ ገደብ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። በ2015 ከኔዘርላንድስ የጀመሩ አምስት ጥናቶች በደም ሥር በኩል በሽቦ ገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት እንደሚሠራ አሳዩ። በ2018 ደግሞ ለተመረጡ ሕመምተኞች ይሄ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊጠቅም እንደሚችል ታወቀ። እዚህም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ) ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በፊት በጣት የምንቆጠር ነበርን። ደስ ይላል። ግን አንዳንዶቻችሁ "24 ሰዓት" የሚለውን ሰምታችሁ ተዝናናችሁ መሰለኝ። ያ መዳን የሚችል አንጎል እንደቀራቸው በምስል ለታየ ሰዎች ነው። ለሌላው ደቂቃው ያው ደቂቃ ነው።

አንድ የማፍርበትን ልንገራችሁ። ዶሮ ማነቂያ ይኖሩ የነበሩ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቀኝ ጎናቸው ዝሎ መጡ። ግፊታቸውን ለካሁ፣ አዘዝኩ፣ ሄድኩ። ባለቤታቸው ማታ በፔርሙዝ አጥሚት ይዘው መጡ። ትራስ ደርድረው፣ አገጫቸውን በነጠላ እየጠረጉ፣ በማንኪያ ያጎርሷቸዋል። ሰውየው ያስላሉ። "አይዞህ፣ ትንሽ ብቻ፣ እህል ሳትቀምስ አታድርም" ይላሉ። ከበሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ፍቅር ነው ብዬ አለፍኩ። ጉሮሮው የዛለ ሰው የሚውጠው ወደ ሳንባው እንደሚገባ አውቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት፣ ከዚያ የሳንባ ምች። አላተረፍናቸውም። እኒያ ሴት አንዳች ጥፋት የለባቸውም። ማንም "አይብሉ" አላላቸውም፤ ማንም ማለት እኔ ነኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ከአውስትራሊያ አንድ ጥናት ወጣ። የመሩት ነርሶች ናቸው። ከ19 የስትሮክ ክፍሎች በገሚስ ያህሉ ሦስት ነገር ነው የተከታተሉት። ትኩሳት፣ የደም ስኳር፣ መዋጥ። አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ መሣሪያ የለም። በሦስት ወሩ የሞቱት ወይም ሰው የሚደግፋቸው የሆኑት በእነዚህ ክፍሎች 42 በመቶ፣ በሌሎቹ 58 በመቶ ነበሩ። እዚያች ቡና ቤት ነበር ያነበብኩት። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። የመዋጥ ምርመራው ምን ይመስላል መሰላችሁ? ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በሻይ ማንኪያ ጥቂት ውሃ መስጠት፣ ከዚያ "ስምዎን ይንገሩኝ" ማለት። ካሳለ ወይም ድምፁ ውሃ የገባበት ከመሰለ በአፍ ምንም የለም፤ ምግቡ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይሄዳል። የአጥሚቱ ማንኪያ ራሱ ይበቃ ነበር።

"ምን ላይ ልሥራ?" ለምትሉኝ እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። ድንገተኛ ክፍል ሄዳችሁ አንድ ሌሊት ቁሙ። አትሥሩ፣ ቁሙ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው የሚመስለውን፣ ግን ማንም ቆጥሮ የማያውቀውን አንድ ነገር ፈልጉ። ልባቸው በልጅነት ሪህ የተጎዳ የሃያ ምናምን ዓመት ሴቶች ስትሮክ ይዟቸው ይመጣሉ፤ ደም ማቅጠኛቸውን ለምን እንዳቋረጡ ተቀምጦ የሚጠይቃቸው ሰው ያስፈልጋል። የግፊት መድኃኒቱን "ሲያመኝ ነው የምውጠው" የሚለውን ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ግፊት እኮ አያምም፤ ተንኮሉ እሱ ነው። ጂኑ ይደርሳል።

ሌላው፣ የማይሠራ ውጤት ሲገጥማችሁ አትደንግጡ። ኤንኤክስዋይ-059 የሚባል የአንጎል ሴል ይከላከላል የተባለ መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት "ይሠራል" አለ። እኔ ራሴ ተማሪዎቼን ሰብስቤ አበሠርኩ፤ እንደ ሰርግ ነበር። በዓመቱ ከ3 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ያሉበት ሁለተኛው ጥናት "አይሠራም" አለ። በዚያው በ2006 አንድ ቡድን እስከዚያ ለስትሮክ የተሞከሩ ሕክምናዎችን ቢቆጥር 1,026 አገኘ። እንስሳ ላይ ብዙው ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ሰው ላይ ከተሞከሩት ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል ወደቁ።

በደህና አሳብም ይወደቃል። ስትሮክ የያዘውን ሰው ቶሎ ከአልጋ አስነስቶ ማንቀሳቀስ ይጠቅማል ብለን ሁላችንም እናምን ነበር። እኔም ተማሪዎቼን "ተነሱ፣ አንሷቸው" እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በመጀመሪያው 24 ሰዓት አብዝቶ ማስነሳት ውጤቱን እንደሚያባብስ አሳየ። ጥናቱን የሠሩት ማስነሳት ይጠቅማል ብለው የሚያምኑት ራሳቸው ነበሩ። ውጤቱ በራሳቸው ላይ ሲመጣ እንዳለ ጻፉት። እንደነሱ ያለ ሰው ስታገኙ ተጠጉት።

ስለ ውጭ አገርም ትጠይቁኛላችሁ። ሂዱ። ተማሩ። ማንንም "ለምን ሄድክ" ብዬ አላውቅም፤ እኔም ሄጃለሁ፣ የተመለስኩትም በጀግንነት ሳይሆን ብርዱ አልስማማ ብሎኝ ነው። ስለ ፐብሊኬሽን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ ዳታውን የሰበሰበችውን ነርስ ስም አስገቡ። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ የሲስተርን ስም "እናመሰግናለን" የሚለው ስር ነበር ያስገባሁት። በትንሽ ፊደል። ምንም አላለችኝም። እስከዛሬ ያሳክከኛል።

ይህን ለሚያነብ ሐኪም ያልሆነ ሰው ደግሞ፦ አፍ ሲጣመም፣ አንድ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ፣ በድንገት ከሆነ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንሱ ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። ምንም አታጉርሱ። ሲቲ ስካን ያለበትን ሆስፒታል ደውላችሁ አጣሩ። ሰዓቱን ደግሞ እጃችሁ ላይም ቢሆን ጻፉ።

ባለፈው እሁድ አንዲት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም፣ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ከድንገተኛ ክፍሉ ጫጫታ መሐል ነው የሚመጣው።

"ፕሮፍ፣ አንዲት እናት መጥተዋል። 'መጨረሻ ደህና የታዩበት' የሚለው ላይ ምን እንደጻፍኩ ልንገርዎት?"

"እሺ ንገሪኝ።"

"አቦል ሲጠጡ ደህና ነበሩ። ልጃቸውን 'ቡናው ቀጠነ' ብለው ተቆጥተዋታል። ቶና ሲቀርብላቸው ስኒውን መያዝ አቃታቸው።"

ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። "ታዲያ ጀበናው ውሃ ተጨምሮበት እስኪፈላ ስንት ደቂቃ ትይዢለታለሽ?"

"ልጅቷን ጠይቄያታለሁ" አለችኝ። "ከሰል ነው ወይስ ኤሌክትሪክ ብዬ።"